የአያ ጅቦ ጉርድ ፎቶ

አንድ ጊዜ በጎች ዘበኛ ሊቀጥሩ ማስታወቂያ አወጡ፤ አመልካች ሁሉ ጉርድ ፎቶ እንዲያመጣም አዘዙ። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ በደስታ እንቅልፍ አጣ። በግ መሐል ማደር፣ ያውም ተቀጥሮ! ችግሩ መልኩ ነበር። ፎቶው ላይ የዋህ ካልመሰለ እንዲህ ያለ ሥራ ሁለተኛ አያገኝም። ስለዚህ በማለዳ ፎቶ አንሺዋን ቀበሮን ጉድጓዱ ድረስ ጠራት።

«እመት ቀበሮ፣ እባክሽ የዋህ አድርገሽ አንሺኝ።»

«ለዚህማ ማን ብሎኝ!» አለች ካሜራዋን እየወለወለች። «መጀመሪያ ወደ ብርሃኑ ዙር፤ ፀሐይ ከጀርባህ ከሆነች ፊትህ ይጠቁራል። ደግሞ ከኋላህ ያለውን ኮተት አጽዳ፤ ፎቶ ያበላሻል።»

ከኋላው የአጥንት ክምር ነበር። አያ ጅቦ ማጽዳት የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ ቁጭ ብሎ ቆረጣጠመው። ሲጨርስ ሆዱ ከበሮ አከለ።

«ግድ የለም፣ ጉርድ ነው» አለች ቀበሮ።

ቀጥላ ረዳቷን አህያን ጠራች። የአህያ ሥራ ብርሃን የተነሺው ፊት ላይ እንዲያርፍ ነጭ አንሶላ ዘርግቶ መያዝ ነው። የዚያን ቀን አንሶላው ከነአህያዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ካሜራውን ተወው፣ አህያን እያት። ድርቅ አትበል፤ የምትወደውን ነገር አስብ።»

አያ ጅቦ አህያን አየ። የሚወደውንም አሰበ። ሁለቱ አንድ ሆኑበት። ዓይኑ በራ፣ አፉ ተከፈተ፣ ለሃጩ ተዝረበረበ።

«እንዳትንቀሳቀስ!» አለችና ቀጭ አደረገችው።

ፎቶው ሲወጣ አያ ጅቦ በራሱ ፍቅር ወደቀ።

በጎች ማመልከቻ ሊያዩ ሲሰበሰቡ አያ ጅቦ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ አዳመጠ።

«አቤት ጥራት!» አለ ሊቀ መንበሩ አውራ በግ። «ጥርሱ አንድ በአንድ ይቆጠራል!»

«ለሃጩስ ብትሉ? እንዴት ያበራል!» አለች አንዲት እናት በግ።

«እሱንስ አንፈልገውም። ግን እውነቱን እንዲህ አጥርታ ያሳየችን ፎቶ አንሺ ማን ናት? እሷ ትቀጠር!» አለ ሊቀ መንበሩ።

በጭብጨባ ጸደቀ። አያ ጅቦ አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ አንጀቱ አረረ። ወዲያው አዲሷ ዘበኛ ካሜራዋን አንግታ ስትገባ አየ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለች ቀበሮ። «ለማስታወሻ አንድ ላይ ላንሳችሁ። አጫጭሮቹ ከፊት፤ ግልገሎች፣ ጠጋ በሉልኝ። ፎቶ ላይ እንዳታርገበግቡ ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ሦስት ስል ትከፍታላችሁ።»

በጎቹ በሙሉ እምነት ጨፈኑ።

ቀበሮ እስከ ሁለት ቆጠረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ፎቶ ስናይ የተነሳውን ብቻ ሳይሆን ያነሳውንም ማን ነው ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።