የታዘዘ ደቦ

አንድ አገረ ገዥ ነበረ፤ ሥርዓትን የሚወድ፣ ለድኻም የሚያዝን። በኅዳር ወር ግዛቱን ሲጎበኝ፣ ገበሬዎች በአንዲት ባልቴት ማሳ ላይ ተሰልፈው፣ አንዱ ዘፈን እያወረደ ሌሎቹ እየተቀበሉ ጤፍ ሲያጭዱ አየ። ባልቴቷ እማማ የሻረግ ይባላሉ፤ ጎረቤቶቻቸውን ለደቦ የጠሩት ራሳቸው ነበሩ።

«እማማ፣ ጠላ ነው ወይስ ምንጩን ነው የቀዱልን?» ይላል አንዱ አጫጅ።

«ለሰነፍ እሱም ይበዛበታል!» ይሉታል እሳቸው፤ ማሳው በሳቅ ይሞላል።

ገዥው በዚህ የደቦ ልማድ እጅግ ተደሰተ። «እንዲህ ያለ ደግ ነገር በሰዎች ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም» አለና ደቦን ሕግ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ማንም ጎረቤቱን በራሱ እንዳይጠራ ተከለከለ፤ ማሳው ሁሉ ሹም ባወጣው ተራ የሚታጨድ፣ ከአጨዳ የቀረም ሰው የሚቀጣ ሆነ። ለዓመታት አጨዳው ቀጠለ፤ ዘፈኑ ግን ቀረ።

አንድ ዓመት የእማማ የሻረግ ጤፍ ቀድሞ ደረሰ፤ ሰማዩም ያለወቅቱ ጠቆረ። ጎረቤቶቻቸው ግን ተራው የደረሰውን፣ ገና ያልበሰለ ማሳ እንዲያጭዱ ታዝዘው ወንዝ ተሻግረው ነበር። ባልቴቷ ወደ ገዥው ገሠገሡ።

«ጌታዬ፣ ጎረቤቶቼን ልጥራ፤ ይፍቀዱልኝ። የዓመት ጉርሴ ማሳ ላይ ነው።»

«ተራዎን ይጠብቁ እማማ። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው።»

«እኔስ እጠብቃለሁ። ለደመናው ማን ይንገርልኝ?»

በማግሥቱ ዝናቡ ወረደ፤ ጤፉ ረግፎ ከጭቃ ተደባለቀ። ገዥው ማሳውን አይቶ ከልቡ አዘነ፤ ሕጉንም ሻረ።

መኸር ተመልሶ ሲመጣ እማማ የሻረግ ጠላ ጠምቀው እንደ ቀድሞው መንደሩን ጠሩ። ጥቂት አረጋውያን ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። በትእዛዙ ዘመን ያደጉት ወጣቶች ግን ከደጃፋቸው ሳይነቃነቁ፣ «ማን አዘዘ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ማንም አላዘዘም፤ እኔ ነኝ የጠራኋችሁ ልጆቼ።»

«እንግዲያው ግዴታ የለብንም» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

መንግሥት በጎነትን በትእዛዝ ሊያስፋፋ ሲነሣ፣ በእጁ የሚቀረው ግዴታው ብቻ ነው። ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፤ በፈቃድ የመረዳዳት ልማድ ግን አንዴ ከጠፋ በአዋጅ አይመለስም።

እኛስ ዛሬ፣ ማንም ሳያዝዘን ለጎረቤታችን የምናደርገው ምን ተርፎናል?