ድፍረት የት ተወለደ?

የግራዝማች አድማሴ በቅሎ አንዲት ባልቴት የዘራችው ሽምብራ ውስጥ ገብታ ስትፈነጭ ዋለች። ባልቴቷም ገበያ መሀል ቆማ፣ «የግራዝማች በቅሎ ሌባ ናት!» ብላ ጮኸች። ይህን የሰሙት ግራዝማች አስጠርተው ሸንጎ ፊት አቆሟት። አለንጋ የያዘ አሽከርም አጠገቧ ቆመ።

«አንቺ ምላሳም!» አሉ ግራዝማች ጢማቸውን እያፍተለተሉ። «ድፍረት ድፍረት ሲሉ ትሰሚያለሽ። ለመሆኑ ትርጉሙ ምንድን ነው? የትስ ተወለደ? ካወቅሽ ትሄጃለሽ፤ ካላወቅሽ ትገረፊያለሽ።»

ባልቴቷ ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ባለፈው እሑድ ሁላችን በበላንበት ግብር ላይ ቀኛዝማች ይመኑ ‹በቅሎህ ሌባ ናት› ቢሉዎት፣ ‹እንዴት ያሉ ጨዋታ አዋቂ ናቸው!› ብለው ጠጅ አስቀዱላቸው። እኔ ያንኑ ቃል ብናገር ድፍረት ተባለ። እንግዲያው ከአፌ ሲወጣ እውነት ነበር፤ ድፍረት ሆኖ የተወለደው እርስዎ ጆሮ ውስጥ ነው።»

ከዚያም አለንጋውን አየት አድርጋ ጨመረች።

«የግድ ይገረፍ ከተባለም፣ የተወለደበት ይገረፍ።»

ሸንጎው በሳቅ ሲያውካካ፣ ግራዝማች ሳይታወቃቸው ጆሯቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።