የመጋቢዋ እጅ

አንዲት ነርስ ነበረች፤ ትርሲት የምትባል። ፀጉሯ እስኪሸብት በከተማ ሆስፒታል ስትሠራ ኖረች። መርፌ የወጋችው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ቢሰለፍ ሰልፉ ባሕር ዳርቻ ደርሶ ይመለሳል ይባላል፤ እኔ ግን ሁለቴ ተመልሷል ብዬ ነው የማምነው። ጡረታ ልትወጣ ስትል ሌላ ጥሪ መጣባት። ነጭ ጋውኗን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችና የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆነች። የተመደበችበት ገጠር መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ፣ የሰው ጥላ እንኳ ከባለቤቱ ኋላ ተሰልፎ ነው የሚሄደው።

ነርስነት ግን እንደ ጋውን ታጥፎ አይቀመጥም። ትርሲት ለታመመ ሰው ስትጸልይ የእጁን አንጓ ትይዛለች። አፏ ይጸልያል፤ ጣቶቿ የደም ሥሩን ምት ያዳምጣሉ። ምቱ ደህና ከሆነ ጸሎቱ ያጥራል። ምቱ ከተዛባ ግን ጣቶቿ አይለቁም፤ ጣቶቿ እስኪለቁ ደግሞ ጸሎቱም አያልቅም። በመጨረሻ ለቤተሰቡ፣ «ጤና ጣቢያ ብትወስዱት አይከፋም» ትላለች፤ ያውም «ዛሬ ፀሐዩ በርትቷል» በሚባልበት ድምፅ። ከዚያ አልፋ አትናገርም። እንዳይደነግጡባት ትፈራለች። «መጋቢያችን ከጸሎት ይልቅ በመርፌ ታምናለች» እንዳይሏትም ትፈራለች።

ሰው ከቃሉ ይልቅ ድምፁን ይሰማልና ማንም ጤና ጣቢያ አልሄደም። እጃቸው ረዥም ጊዜ የተያዘባቸው ሰዎች አንድ በአንድ ሞቱ። አገሬውም አወጣ አወረደና ደመደመ፤ «የሚገድለው እጇ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ያ አገር በፍርሃት ተያዘ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ቆማ ምእመኑን ስትሸኝ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሰው እጁን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ በክርኑ ሰላም ይላት ጀመር። ስታልፍ ውሾች እንኳ የፊት እግራቸውን ሆዳቸው ሥር ያስገቡ ነበር፤ አጋነንክ የሚለኝ ካለ ውሾቹን ይጠይቅ። እናቶች የሚያለቅስ ልጅ ሲያስቸግራቸው፣ «ዝም በል፣ መጋቢ መጥታ እጅህን ትይዝሃለች!» ይሉታል፤ ልጁ ለቅሶውን ትቶ ትንፋሹንም ይውጣል። የታመመ ሰው ጓዳ ይደበቃል። የሚያስለው በትራስ አፉን አፍኖ ያስላል። ትርሲትም ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ቤት ለቤት ስትዞር በሮች ከፊቷ ይዘጋሉ። ከበሮቹ ኋላ ያለው ዝምታ ከማንኛውም የበሽተኛ ጩኸት በላይ ያስፈራት ነበር።

አንድ እሁድ ቀትር ላይ፣ ከአምልኮ መልስ በባለ ወፍጮው በጓንጉል ደጅ ስታልፍ የሕፃን ለቅሶ ሰማች። ጡት ያጣ ሕፃን ለቅሶ ነበር። የጓንጉል ሚስት አልጋነሽ በቅርብ የወለደች አራስ ናት። ትርሲት ወደ ቤቱ ስታቀና ጓንጉል ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ተገተረ።

«ጓንጉል፣ አልጋነሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ መጋቢ። ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች።»

ከአምልኮ ሲመለስ ከኋላዋ ይመጣ የነበረው ሰው፣ ሴቱም ወንዱም፣ ቀጥ አለ። «አራስ? ውሃ ልትቀዳ?» አለች አንዲት ሴት አፏን በእጇ ይዛ። «ምነው ጓንጉል፣ ስትዋሽ እንኳ ሴት አማክር እንጂ!»

ማንም ግን አልሳቀም። አራስ ውሃ እንደማትቀዳ ጓንጉልም አሳምሮ ያውቃል፤ ያስዘባረቀው ፍርሃት ነው። ወዲያው ከጓዳ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ።

«ምች ነው» አለ ጓንጉል። «ዳማከሴ አሽቻታለሁ፣ ይለቃታል። እርስዎ ከዚያው ሆነው ይጸልዩ። እግዚአብሔር እንደሆነ ከሩቅም ይሰማል። እጅዎን ግን... በእናትዎ፣ መጋቢ፣ እጅዎን አያምጡብኝ!»

ትርሲት ያን የለመደችውን ልስልስ ቃል ልትናገር ብላ ተወችው። አራስ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ መጨረሻው ምን እንደሆነ ከሆስፒታል ታውቃለች። ሕዝቡን አየች። እውነቱን ከተናገረች ከዚህ ደጅ በሕይወት ላትወጣ ትችላለች።

«ስማኝ፣ ጓንጉል» አለች። «እጄ አይገድልም። እጄ ያውቃል። የሞቱትን ስይዛቸው በሞት አፋፍ ላይ እንዳሉ አውቄ ነበር። መጮህ ሲገባኝ አባበልኳችሁ። አልጋነሽ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ካልተወሰደች ትሞታለች።»

ነፋሱ እንኳ ሽውታውን ትቶ ሊሰማ ተቀመጠ። ከሰዉ መሀል የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ይመኑ ወደ ፊት ወጡ። ሚስታቸውን የቀበሩት በዚያው ዓመት ነው፤ ሚስትየዋም እጇ ተይዞ ረዥም ጸሎት ከተጸለየላቸው አንዷ ነበረች።

«የኔዋንም?» አሉ ይመኑ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ያን ቀን አውቀሽ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

ከዘራቸውን አነሡ። ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ሊገላግል የሞከረ አንድም ሰው አልነበረም። ያ ከዘራ፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ አንድ ክረምት ሙሉ አየር ላይ ቆይቷል። ከዚያ ወረደና የጓንጉልን በር መታ።

«ጓንጉል» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ተሰባብሯል። «ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ለአንተ ግን ይኸው ተነገረህ። በሩን ክፈት!»

ጓንጉል ዱላውን ጣለ። አልጋነሽን በቃሬዛ አድርገው ቁልቁል ይዘዋት ሮጡ። ትርሲት አጠገቧ እየሮጠች፣ «እየደከመች ነው! ፍጠኑ!» ስትል ድምፅዋ ሰባት ተራራ ተሻግሯል።

አልጋነሽ ዳነች። አቶ ይመኑ ለመጋቢዋ ይቅርታ አደረጉ የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እሁድ እሁድ ይመጣሉ፤ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰላም ሳይሏት ይወጣሉ። እሷም አትከተላቸውም።

ወዳጆቼ፣ የሚያውቅ ሰው ላለማስደንገጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ የማያውቀው ባዶውን በፍርሃት ይሞላዋል። ፍርሃት አንዴ ቤት ከገባ ደግሞ በሩን የሚዘጋው ሊያድን በመጣው ሰው ላይ ነው። እውነትን ማለሳለስ ደግነት ይመስላል፤ አንዳንዴ ግን የሚያተርፈው የተናጋሪውን ሰላም እንጂ የሰሚውን ነፍስ አይደለም።

እርስዎስ፣ ልብዎ እያወቀ በለሆሳስ ብቻ የነገሩት ሰው ማን ነው? ገና በሕይወት ካለ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ።