ሁለተኛው በር

«አንድ ሰው ነበረ፤ የከተማ በር ጠባቂ።»

እንዲህ ብለው የጀመሩት ጋሽ ይርዳው ናቸው። ትርሲት ለአንድ ክሊኒክ የድረ ገጽ ፕሮግራም ትሠራለች፤ እርሳቸው አለቃዋ ናቸው። «ከድረ ገጹ የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለው ኮንትሮለር ሁሉንም ሥራ ራሱ ቢሠራ ምን ይጎዳል ጋሼ? እየሠራ አይደል እንዴ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ቀጠሉ፦

ከተማይቱ በግንብ የታጠረች ነበረች። የሰውየው ሥራ ቀላል ነው። መጪውን «ከየት መጣህ? ምን ፈለግህ?» ይለዋል፤ ነጋዴውን ወደ ሚዛን ቤት፣ ባለጉዳዩን ወደ ዳኛ፣ የታመመውን ወደ መድኃኒት አዋቂዋ ይልካል። ግን ደግ ሰው ነበረና እንግዳ ሲጉላላ አይወድም። ሚዛን ቤቱ ወረፋ ሲበዛበት የጨው ሚዛኑን ወደ በሩ አስመጣ። ዳኛው ሲዘገዩ ጠበኞችን እዚያው አስታረቀ። ቆይቶም በሽተኛውን ራሱ ይለይ ጀመር። ነጋዴው ጨዉን ወደ ሚዛኑ ሲያነሣ ጉልበቱ ከከዳው፣ ካላበው፣ «አንተ አሞሃል፣ ተመለስ» ይለዋል። ተሳስቶ አያውቅም። ሕዝቡ መረቀው፤ መድኃኒት አዋቂዋንም የሚጠይቃት ጠፋ።

ከዚያ በአገሩ ተስቦ ገባ። የቆላው መንደሮች ባዶ ቀሩ፤ የተረፈው ሰው ወደ ከተማይቱ ጎረፈ። ገዥው ግፊያውን አይቶ በምዕራብ በኩል ሌላ በር አስከፈተ፣ ጠባቂም ሾመበት። አዲሱ ጠባቂ ግራ ቢገባው ወደ ሰውየው መጣ።

«ወንድሜ፣ የታመመውን ከጤነኛው እንዴት ነው የምትለየው? አስተምረኝ።»

«ጨዉን ሲያነሣ አየዋለሁ።»

«በኔ በር እኮ ጨው አይገባም! ባዶ እጁን የመጣ ስደተኛ ነው የሚገባው።»

ሰውየው ማየቱን ከመመዘኑ ነጥሎ አስቦት አያውቅም። ያለ ጨው በሽተኛ መለየት ለካ እሱም አይችልም። ልጁ ደግሞ የተዳረችው ከዚያ ከምዕራቡ በር አጠገብ ነው።

እየሮጠ ሄደ። ጎረቤቶቿ ደጃቸውን ዘግተዋል፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። እሷ መደብ ላይ ተጋድማ ትንቀጠቀጣለች።

«አባዬ፣ እንዳትገባ!» አለችው። «አንድ መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎኝ አሳደርሁት። በበሩ አልፎ የመጣ ነው፤ ታይቶ የገባ መስሎኝ።»

ሰውየው ደፉ ላይ ቆመ። መግባትም መሄድም አቃተው። ኋላ ግን ተመለሰና ሚዛኑን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ወደ ሚዛን ቤት ወሰደ። ጠበኞቹን ወደ ዳኛው ሰደዳቸው። መድኃኒት አዋቂዋ እግር ላይ ወድቆም ለመናት። ከግንቡ ውጭ፣ በሁለቱ በሮች መካከል ጎጆ ተሠራላት። ጨው የያዘም ባዶ እጁን የመጣም፣ በየትኛውም በር ሊገባ ያሰበ፣ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይላካል። እሷ ግንባሩን ትዳስሳለች፣ ዓይኑን ታያለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ጠባቂዎቹ ቃሏን ሰምተው ይከፍታሉ ወይም ይዘጋሉ። «እባክህ አንተው እየኝ» ብለው የሚለምኑት ነበሩ። እሱ ግን ወደ ጎጆዋ ያመለክታቸዋል።

በሽታው እየቀነሰ ሄደ። ልጁን ግን ቀበራት።

ጋሽ ይርዳው እዚህ ላይ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ በር ጠባቂ ኮንትሮለርሽ ነው። እየሠራ ነው ያልሽው እውነት ነው፤ የሰውየውም በር ይሠራ ነበር። መድኃኒት የማይስማማውን በሽተኛ የሚለየውን ኮድ የት ነው የጻፍሽው?»

«እዚያው ኮንትሮለሩ ውስጥ፤ የቀጠሮው ቅጽ ሲሞላ ነው የሚያጣራው» አለች ትርሲት፣ ድምፅዋ እየቀነሰ።

«ክሊኒኩ በስልክ መልእክትም የመድኃኒት ትእዛዝ ሊቀበል ነው። በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ቅጽ አይሞላም። ማን ያየዋል? ማጣሪያውን አውጪና ለብቻው ሰርቪስ አድርጊው፤ ያንን ብቻ የሚያውቅ፣ ማንም በር ሊጠራው የሚችል። ኮንትሮለሩ ጥያቄውን ይቀበል፣ ለሰርቪሱ ያስረክብ፣ መልሱን ይመልስ፤ በቃ። እኔን የሚያስፈራኝ የሚሰበር ኮድ አይደለም፤ የተሰበረውን እናየዋለን። በሁለተኛው በር የሚገባውን ግን፣ የቤቱ ሰዎች ታይቶ የገባ እየመሰላቸው ነው የሚያሳድሩት።»