መስኮቱን የቸነከረው አናጢ

«አንድ አናጢ ነበረ» ብለው ጀመሩ መሪጌታ ላቀው። የጠየቃቸው ደምሰው ነው። ልጁን ከቀበረ ወዲህ ስሟ በቤቱ እንዳይነሳ፣ ሚስቱም እንዳታለቅስ ከልክሏል። «ልቅሶውን አስቁሜያለሁ፤ ታዲያ ቤቴ ስለ ምን አልጽናና አለ?» ነበር ያላቸው።

«አናጢው የሚኖረው ብርድ በሚበረታበት አገር ነው። ሚስቱ ደረቷን ያማት ስለነበር፣ ብርድ እንዳይገባባት ብሎ መስኮቶቹን በሚስማር ቸነከረ፤ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቀ። ብዙም ሳይቆይ የመስኮቱ መስታወት ጠዋት ጠዋት ያልበው ጀመር። ውሃው እየወረደ ግድግዳውን አራሰው፤ ከአልጋው ራስጌ ጥቁር ሻጋታ ወጣ።

አናጢው ውሃውን በጨርቅ ይጠርጋል። በማግስቱ ያው ነው። ጣሪያው የሚያፈስስ መስሎት ወጥቶ ቆርቆሮውን ደፈነ። ሻጋታውን ቀለም ቀባው፤ በቀለሙ ላይ ተመልሶ ወጣ። አንድ ግንበኛ ጎረቤቱ አይቶ፣ ‹ይሄ ከውጭ የሚገባ ውሃ አይደለም። የድስታችሁ እንፋሎት፣ የገዛ ትንፋሻችሁ ነው። መውጫ ስጠው› አለው። አልሰማውም።

ሚስቱም፣ ‹እባክህ አንዱን እንኳ ክፈትልኝ፤ አየር አጠረኝ› አለችው።

‹ብርዱ ይገድልሻል። ለአንቺው ብዬ ነው› አላት።

ሳሉ እየጠናባት ሄዶ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ለቀስተኛው ሲበዛ ቤቱ ታፈነ፤ ጎረቤቶች ሚስማሩን ነቅለው መስኮቱን ከፈቱት። በሦስተኛው ቀን አናጢው እንደ ልማዱ ጨርቁን ይዞ ተነሣ። መስታወቱ ደርቋል። በመዳፉ ዳሰሰው። ‹ደረቀ እኮ! ደረቀ!› እያለ መሬት ላይ ተደፋ። ለቀስተኛው ምን እንደሚል አልገባውም።»

መሪጌታ ወደ ደምሰው ዞሩ።

«ያ አናጢ አንተ ነህ፣ ልጄ። የሚስትህ ዕንባ ከውጭ የመጣብህ ጠላት አይደለም። እናት ናት፤ ከውስጧ ነው የሚወጣው። መውጫ ስትነሣው የት ይሂድ? እሷኑ ነው የሚበላት። ለእሷ ብዬ ነው እንደምትል አውቃለሁ፤ እሱም እንደዚያው ይል ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደቀራችሁ እኔ አላውቅም፤ እንዳይረፍድ እፈራለሁ። ሂድና የልጅህን ስም አንተው ቀድመህ ጥራላት። እስቲ እዚህ ጀምረው፤ ማን ነበር ስሟ?»

ደምሰው አፉን ከፈተ። የልጁ ስም ግን አልወጣለትም።