በቁሟ የተለቀሰላት በቅሎ

ድሮ ነው አሉ፤ እንስሳት እንደ ሰው ከተማ ቆርቁረው፣ ግንብ ገንብተው፣ በራቸውን ዘግተው በሚኖሩበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አገር አንዲት አሮጊት በቅሎ ነበረች። የከተማውን ድንጋይ ከወንዝ ያመላለሰችው እሷ ናት። ከተማው ተሠርቶ ሲያልቅ የእሷም ጀርባ አለቀ። ጌታዋ ፈረስ፣ «ከእንግዲህ ለምንም አትሆኚም» ብሎ አስወጣት። በቅሎ ደግሞ እንደምታውቁት አትወልድም። የሚጦራት ልጅ የላትም።

ክረምት ገብቶ ነበር። በቅሎን ሳል ይዟታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝናቡ እስኪያልፍ የምትተኛበት ደረቅ መሬት።

መጀመሪያ ከፍየል ቤት ጣራ ሥር ጥግ ያዘች። እትዬ ፍየል በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻት።

«እመት በቅሎ፣ እኔ ምንም አልልም ነበር» አለች። «ግን እንግዳ ይመጣብኛል። ወዲያ በይ።»

«ወዲያ የት ነው?»

«ወዲያ ነዋ።»

በቅሎ ወዲያ አለች። የእህል ጎተራ አገኘች፤ በሩ ላይ ውሻ ተቀምጧል።

«እዚህ ማደር ክልክል ነው» አላት።

«ማደር እንኳ አይደለም፤ ትንሽ ልቀመጥ ነው።»

«መቀመጥ ብሎ ይጀምርና ማደር ይሆናል። እኔ እናንተን አውቃችኋለሁ። ወዲያ በይ።»

«ወዲያ የት ነው፣ ጋሼ ውሻ?»

«ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ።»

በቅሎ አሁንም ወዲያ አለች። የእድሩ ዳኛ በሬ ዘንድ ደረሰች። በሬ ከልቡ አዘነላት፤ ራሱንም ነቀነቀ።

«ስለ እናንተ ጉዳይ ስብሰባ ልንጠራ አስበናል» አላት። «እስከዚያው ግን መንገድ ላይ መታየቱ ለከተማው ጥሩ አይደለም። ወዲያ በይ።»

በዚህ ጊዜ ወዲያ የት እንደሆነ አልጠየቀችም። አደባባዩ መሃል፣ ከሁሉም ደጅ በራቀው ቦታ፣ ጭቃው ላይ ተኛች። ሲነጋ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ቁራ መጥቶ ጆሮዋን ነካ ነካ አደረጋት። ድካሙ ጥሏት ኖሮ አልተንቀሳቀሰችም። ቁራም ጥሩንባውን አነሣ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። እመት በቅሎ አርፋለችና ውጡ።»

የዚያ ከተማ እድር የዋዛ አልነበረም። ለቀስተኛ ከሁሉም ቤት መውጣት አለበት፤ የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ይተከላል፤ ሟች አፈር ሳይገባ ደግሞ ድንኳኑ አይነቀልም። ስለዚህ ሁሉም እየሮጠ ወጣ። በቅሎ የነቃችው ዝናቡ ድንገት ሲያቆምባት ነው። ዓይኗን ገለጥ ብታደርግ ከላይዋ ሸራ፣ ከሥሯ ደረቅ ገለባ አለ። «አልሞትኩም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ገለባው ሞቃት ነበር። «እስቲ ለትንሽ ጊዜ ልሙት» አለችና መልሳ ዘጋችው።

ፍየል ደረቷን እየመታች ገባች። «ወይኔ እህቴ፣ ደጄ ላይ አረፍ ብትይ ምን ነበረበት።»

«ጨዋ ነበረች» አለ ውሻ። «አንድ ቀን ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም።»

«ይህን ከተማ በጀርባዋ ተሸክማ ያቆመችው እሷ ናት» አለ በሬ፣ እንባውን እየጠረገ።

በቅሎ ስለ የትኛዋ በቅሎ እንደሚያወሩ እስኪገባት ጥቂት ቆየች። ከዚያ ሳሏ መጣና አመለጣት።

«ሬሳ እንዲህ ያደርገዋል» አለች ፍየል፤ ልቅሶዋንም ቀጠለች።

ቀትር ላይ ቁራ መጣ። «ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ግን ውሃ ይዟል» አለ።

ሊያነሷት ቃሬዛ አቀረቡ። በቅሎ ነገሩን መዘነችው። ብትነሣ ዝናብ ነው፤ ባትነሣ አፈር ነው። አፈሩስ ደረቅ ቢሆን ኖሮ ታስብበት ነበር። ተነሥታ ቆመች።

«አልሞትኩም» አለች።

እልል ያለ የለም። ፍየል እንባዋን ጠረገችና ፊቷን አጠቆረች። «ይህ ነውር ነው፣ እመት በቅሎ። ይህን ሁሉ ለቀስተኛ አስለቅሰሽ።»

«እኔ ተኝቼ ነበር።»

«ካልሞተች ድንኳኑ ይነቀላ» አለ ውሻ።

በሬ ግን በሸራው ቀዳዳ ወደ ውጭ አየና ተጨነቀ። ከወንዝ ማዶ ያሉት ለቀስተኞች ንፍሮ ተሸክመው እየመጡ ነው። «እንግዲህ ምን እንበላቸው?» አለ። «በቁሟ ልንቀብራት ነበር ካልን መሳቂያ ሆንን። በቁሟ ድንኳን ተከልንላት ካልን ደግሞ ነገ ቤት የሌለው ሁሉ ይመጣብናል። እመት በቅሎ፣ አንቺ ሞተሻል።»

«እሺ» አለች በቅሎ። «ሕጋችሁ፣ ሟች አፈር ሳይገባ ድንኳን አይነቀልም ይላል?»

«ይላል።»

«ጉድጓዱ ደግሞ ውሃ ይዟል። እንግዲህ ቀብሬ ክረምቱ እስኪወጣ ይቆይ።»

በሬ ፍየልን አየ፤ ፍየል ውሻን አየች። በቅሎም ተመልሳ ተኛች።

በዚህ ዓይነት ክረምቱን በሙሉ ደረቅ መሬት ላይ አሳለፈች። ፍየል ለሟች የሚገባውን ንፍሮ እያመጣች፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ «ነፍስሽን ይማር» ትላታለች። በቅሎም፣ «አሜን፣ እትዬ ፍየል። ዛሬ ጨው አንሶታል» ትላታለች።

አንድ ምሽት፣ ዝናቡ ሲያይል፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ አህያ ሸራውን ገልጦ አንገቱን አስገባ። ከየደጁ ሲባረር የዋለ ነው።

«እዚህ መጠጋት ይቻላል?» አለ።

«ይቻላል» አለችው በቅሎ፣ ገለባውን እያጋራችው። «ግን መሞት አለብህ።»

«ምን ያህል?»

«ሲያዩህ ብቻ።»

አህያው ደክሞት ነበርና ምንም ሳይከራከር ጎኗ ተጋደመ።

ለዚህ ነው አባቶች፣ «በቁም የነፈጉት ጣራ፣ ለሬሳ ቢተክሉት ምን ሊሠራ» የሚሉት።