በስልክ የታረቀ ደም

በአንድ ወቅት፣ ሰው አገር ለአገር ተራርቆም ፊት ለፊት መተያየት በጀመረበት በዚህ በእኛው ዘመን፣ ጎሽ ሜዳ በምትባል ቀበሌ የሻረግ የምትባል የአራት ልጆች እናት ነበረች። ሦስተኛው ልጇ አላምረው በመስኖ ውኃ ተራ ከጎረቤቱ ከመንግሥቴ ጋር ተጣላና በዱላ መታው። መንግሥቴ በማግሥቱ ሞተ። አላምረው እጁን ለሕግ ሰጥቶ ስምንት ዓመት ታሰረ፤ ፍርዱንም ጨርሶ ወጣ። ደሙ ግን አልደረቀም። የሟች ወንድም አዳሙ «የወንድሜን ደም ሳልመልስ አልኖርም» ብሎ ምሎ ነበርና፣ አላምረው ከእስር ቤት እንደ ወጣ በዚያው ሌላ አገር ገባ። የት እንዳለ የሚያውቀው ታላቅ ወንድሙ ካሳዬ ብቻ ነበር። የሻረግ እንኳ አልጠየቀችም። «ያላወቅሁት ከአፌ አይወጣም» ትል ነበር።

ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤት መካከል ሁለት ዓመት ተመላለሱ። በመጨረሻ የሟች እናት እትዬ አንጓች እሺ አሉ፤ ግን «ፊቱን ሳላይ፣ ከራሱ አፍ ሳልሰማ አልታረቅም» አሉ። አላምረው ደግሞ ሳይታረቅ ቢመጣ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ልሳኑ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው፣ ዕርቁ በስልክ፣ በቪዲዮ ጥሪ ይሁን አሉ። ሕግም ጣሉበት። ማንም ድምፅ አይቀዳም፣ ማንም ምስል አይቀዳም። «እዚህ የሚፈስ እንባ እዚሁ ይድረቅ» አሉ። የተሰበሰበው ሁሉ እጁን አንሥቶ «ይድረቅ» አለ።

ካሳዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ለዕርቁ ሁለት ቀን ሲቀረው የጫነውን ሲሚንቶ መንገድ ላይ ጥሎ አላምረው ወዳለበት ከተማ ሄደ። አላምረው ከዳቦ ቤት ሥራው መነሣት አልፈለገም።

«ስልክ ቁጥርህ አሁን በስንት ሰው እጅ ነው?» አለው ካሳዬ።

«በሽማግሌዎቹ ብቻ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«ሰባቱም ሚስት አላቸው፣ ልጅ አላቸው፣ የልብ ወዳጅ አላቸው። ተነሥ።»

አልነሣም ሲለው ክንዱን ይዞ መኪናው ውስጥ አስገባው። ስድስት ሰዓት ነድቶ፣ ዘመድ ወዳጅ ከሌላቸው ከተማ አልጋ ያዘ። መስኮቱን ዘጋ። ከወንድሙ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በአንሶላ ሸፈነ። በስልኩም ላይ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመውን አጠፋበት። ለእናቱም ለመሪጌታም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በዕርቁ ቀን ጠዋት አዳሙ የላካቸው አራት ሰዎች አላምረው ይኖርበት የነበረውን ክፍል በር ሰብረው ገቡ፤ ያገኙት ባዶ አልጋ ነበር። ካሳዬም ሲሚንቶውን ጥሎ በመሄዱ ከሥራው ተባረረ።

እናኑ ደግሞ የቤቱ ብቸኛ ሴት ልጅ ናት፤ በወረዳው ከተማ ሞባይል ታበጃለች። ጥሪውን እንድትመራ ሽማግሌዎቹ የመረጡት እሷን ነው። እትዬ አንጓች ዓይናቸው ስለ ደከመ፣ በመሪጌታ ቤት የስልኩን ምስል ወደ ቴሌቪዥኑ አሳለፈችላቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ስመኝ፣ ሆስፒታል ተኝተው ስለ ነበር ከዚያው ሆነው በስልክ ይገባሉ ተብሎ ነበር።

ጥሪው ተከፈተ። የሻረግ ልጇን ስታይ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ጠጉሩ ሸብቷል። ሳትጠግበው የአያ ስመኝ ስምና ፎቶ ብቅ አለ፤ ፊታቸው ግን አይታይም።

«ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ ምስሉን ተዉት» አለ ድምፁ እያሳለ። «አላምረው ልጄ፣ እንዴት ከረምህ? ያለህበት አገር ደጋ ነው ቆላ? ምን ይሉታል?»

አላምረው ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። «ደኅና ነኝ አያ። ያለሁት እንኳ...»

«አያ ስመኝ» አለች እናኑ ከአፉ ቀድማ፣ «ትናንት ያበጀሁልዎ ስልክ ድምፁ እንዴት ሆነልዎ?»

ድምፁ እንደ ገና አሳለ። «ደኅና ነው። እግዜር ይስጥሽ።»

እናኑ ጥሪውን ቆረጠችው። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፤ ቤቱም አጉረመረመ።

«ሽማግሌ ታዋርጃለሽ?» አሉ መሪጌታ።

«አያ ስመኝ ከተኙ ወር ሆኗቸዋል። እኔ ስልካቸውን በእጄ ነክቼ አላውቅም» አለች።

መሪጌታ ለአስታማሚያቸው ደወሉ። የአያ ስመኝ ስልክ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነበር፤ እሳቸውም መድኃኒት ወስደው ተኝተዋል።  አላምረው የከተማውን ስም ለመጥራት አንዲት ቃል ብቻ ቀርታው ነበር።

እናኑ ሌላ ጥሪ ከፈተች። አሁን የገቡት ሁለት ስልኮች ብቻ ናቸው። አላምረው በስክሪኑ ላይ ተንበርክኮ ታየ። «እትዬ፣ ልጅዎ በእጄ ጠፍቷል። ምን ብዬ እንደምለምንዎ አላውቅም» አለ።

እትዬ አንጓች ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ።

«ያን ቀን ተራው የእናንተ ነበር» አሉ። «ሂድና ውኃውን ጥለፍ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። እምቢ አለኝ። ‹ወንድ አይደለህም› አልሁት። ተነሥቶ ሄደ። ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። አንተን ይቅር ብዬሃለሁ። እኔን ማን ይቅር ይበለኝ?»

የሻረግ ተነሥታ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የአላምረው ታናሽ ወንድም ደጉ መምህር ነው። ያን ቀን ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ከሁሉ ጋር እጁን አንሥቶ «ይድረቅ» ያለውም እሱ ነው። ግን በሸሚዙ የደረት ኪስ ያለችው ስልኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁን ሁሉ ስትቀዳ ዋለች። ለማንም አልተናገረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አላምረው ወደ አገሩ ገባ። እናቱ፣ ወንድሞቹና እኅቱ ከመኪና መውረጃው ተቀብለውት በእግር ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ አዳሙ አምስት ሰዎች አስከትሎ መንገዱን ዘጋው። ሁሉም መሣሪያ ይዘዋል።

«ታርቀናል አዳሙ» አለ ካሳዬ ከወንድሙ ፊት ቆሞ። «እናትህ ይቅር ብለዋል።»

«በስልክ? ዛሬ በኮምፒውተር የማይሠራ ፊት የለም፣ የማይሠራ ድምፅ የለም። እናቴን አታላችኋት ነው። ሽማግሌዎቹንም አታላችኋል።»

«መሪጌታን ጠይቅ» አለች እናኑ።

«ዘወር በሉ ብያለሁ።» አዳሙ ጠመንጃውን አቀባበለ።

 ያኔ ደጉ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የእትዬ አንጓች ቃል በቁልቁለቱ ላይ ተሰማ። «‹ወንድ አይደለህም› አልሁት። ተነሥቶ ሄደ።»

አዳሙ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ይህን ቃል መንግሥቴ ያን ቀን ጫማውን እያሰረ ነግሮኛል» አለ። «ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ይህንስ ኮምፒውተር አያውቀውም። እለፉ።»

አለፉ። ነገር ግን አምስቱም ሰዎች ሰምተው ነበር። የገበያው ቀን ሳይደርስ ወሬው ጎሽ ሜዳን አዳረሰ። «ልጇን ያስገደለች» ይሏቸው ጀመር። እትዬ አንጓች ቤተ ክርስቲያን መሳም ተዉ፣ ገበያ መውጣት ተዉ። የሻረግ ልትጠይቃቸው ብትሄድ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ።

«ያልሰጠሁትን ወሰዳችሁብኝ፣ የሻረግ» አሏት። «ጠይቃችሁኝ ቢሆን እኔው መንገዱ ድረስ ሄጄ እነግረው ነበር።»

 በሩ ሲዘጋ የሻረግ እዚያው ቆማ ቀረች።

አላምረው አገሩ ተቀመጠ፤ አገባ፤ ወንድ ልጅ ወለደ። «ነፍሴን ያተረፈልኝ ሰው የልጄን ስም ያውጣለት። ማን እንደ ሆነ እናቴ ትፍረድ» አለ። ሦስቱም በየተራ መጡ።

«ያን ቀን ከክፍሉ ባላወጣው አሁን አባት የሚባል አልነበረም» አለ ካሳዬ። «እንጀራዬንም አጥቼበታለሁ።»

«አንተ ደበቅኸው፤ እሱ ግን የደበቅህበትን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር» አለች እናኑ። «ሽማግሌ አዋረደች እስክባል ድረስ አፉን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«እናንተ ያተረፋችሁት ለስደት ነው» አለ ደጉ። «አፈሙዙን ያወረድሁትና በሰላም አስገብቼ ከቤቱ ያኖርሁት እኔ ነኝ።»

የሻረግ ሕፃኑን ታቅፋ ሦስቱንም ሰማች። ካሳዬ ወንድሙን ያወጣው በጉልበት ነው። እናኑ ያተረፈችው በውሸት ጥያቄ ነው። ደጉ ያተረፈው የማለበትን አፍርሶ ነው። ሦስቱም የእሷ ልጆች ናቸው፤ አንዳቸው ቢጎድል ልጇ በሕይወት የለም። ደግሞ አፈሙዙን ያወረደው የደጉ ስልክ ነው ወይስ የእትዬ አንጓች ቃል? እሳቸው ስም ላውጣ አላሉም፤ ከቤታቸውም አልወጡም፤ ግን ከሁሉ የበለጠ የከፈሉት እሳቸው አይደሉም? ይህን ስታስብ ሌሊቱ ነጋ፣ ቀኑ መሸ፤ ፍርዱ ግን አልወጣላትም። የክርስትናው ቀን ነገ ነው፤ ሕፃኑም እስካሁን ስም የለውም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ የልጁን ስም ማን ያውጣለት?